ቦሌ ላይ ኮከብ፣ ኦግደን ላይ የሌሊት ሠራተኛ

ሮቢን ሊ የተባለች አሜሪካዊት ተዋናይት እ.ኤ.አ. በ2017 «ዘ አይዲያ ኦፍ ዩ» የሚል ልብ ወለድ ይዛ ስትመጣ ብዙ ጫጫታ አልነበረም፤ መጽሐፉ የተስፋፋው ቀስ ብሎ፣ ከአንባቢ ወደ አንባቢ ነው። ባለታሪኳ ሶሌን 39 ዓመቷ ነው። ባሏን ፈትታለች፣ ሎስ አንጀለስ ውስጥ የሥዕል ጋለሪ አላት፣ አንዲት ሴት ልጅ ታሳድጋለች። ልጇ የምትወዳቸውን ዘፋኞች ልታሳያት ይዛት ትሄድና፣ ከቡድኑ አባላት አንዱ የሆነው የ20 ዓመቱ ሄይስ ካምቤል ዓይኑ እናትየዋ ላይ ያርፋል። ከዚያ ወዲያ ሆቴል ነው፣ አውሮፕላን ነው፣ ድብብቆሽ ነው፤ ካሜራ እስኪያገኛቸው ድረስ።

መጽሐፉን ከተራ የፍቅር ወሬ የሚለየው ካሜራው ካገኛቸው በኋላ ያለው ክፍል ነው። የሶሌን ዕድሜ የአገር መነጋገሪያ ይሆናል፤ የማታውቀው ሰው ሁሉ ይሰድባታል፤ መዘዙ ትምህርት ቤት ድረስ ሄዶ ልጇ ላይ ይወድቃል። ሶሌን ሄይስን የምትለየው ጠልታው አይደለም፤ ልጇን ለማዳን ነው። መጽሐፉም እዚያው ላይ ያበቃል። በ2024 አን ሃታዌይ የሠራችበት ፊልም ሲወጣ ግን የወንዱ ዕድሜ ወደ 24 ከፍ ብሎ፣ ሁለቱ ከ5 ዓመት በኋላ ተመልሰው እንዲገናኙ ተደርጓል። ተመልካች አዝኖ ከተነሣ ሌላ ቀን አይመጣም የሚል የነጋዴ ስሌት ነው።

«ተራዋ ሴትና ዝነኛው ወንድ» ዛሬ ራሱን የቻለ የልብ ወለድ ዘርፍ ሆኗል። ዝነኛው ዘፋኝ ይሆናል፣ የፊልም ተዋናይ ይሆናል፣ ካናዳ ውስጥ ደግሞ የበረዶ ሆኪ ተጫዋች ይሆናል። አንዳንዴም ነገሩ ይገለበጣል፤ በ1999 በወጣው «ኖቲንግ ሂል» ፊልም ዝነኛዋ ሴቲቱ ስትሆን ተራው ሰው መጽሐፍ ሻጩ ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ንጉሥና የድሃ ልጅ በየአገሩ ተረት ውስጥ አሉ። የተለወጠው የንጉሡ ሀብት ነው። የተረቱ ንጉሥ መሬትና ዙፋን ነበረው፣ የዛሬው ያለው መታየት ነው። እሱን የወደደች ሴት ዋጋ የምትከፍለውም በዚያው በመታየት ነው፤ ማንም ሳያውቃት መንገድ የምትሄድበት ጊዜ ያበቃል። ደራሲዎቹ ሦስት አራት መቶ ገጽ የሚሄዱት ይህን ሥጋት ይዘው ነው።

እኔን የሚያቆመኝ እዚህ ላይ ነው። እነዚህ መጻሕፍት ሁሉ አንባቢዋ በእጇ አንድ ውድ ነገር አለ ብለው ይነሣሉ፤ አለመታወቅ። ካልጋሪ ውስጥ፣ ኦግደን የሚኖር ሐበሻ ይህን ሲያነብ ምን ይሰማዋል? አለመታወቅማ ሞልቶ ተርፎናል።

ኦግደን በከተማው ደቡብ ምሥራቅ ያለ የድሮ የባቡር ሠፈር ነው። የካናዲያን ፓስፊክ ኩባንያ ትልቁን የባቡር መጠገኛውን እ.ኤ.አ. በ1913 የከፈተው እዚህ ነው፤ የሠፈሩ ስም የኩባንያው ምክትል ፕሬዚዳንት የነበረው የአይዛክ ኦግደን ስም ነው። ዛሬ ሲፒኬሲ የሚባለው ያው ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤቱ አሁንም እዚያው ነው። ዙሪያውን መጋዘን፣ የጭነት መኪና ማቆሚያ፣ ሐዲድ ነው። የሐበሻ ምግብ ያማረው ሰው ወደ 17ኛው ጎዳና ይወጣል። በጥር ብርድ ከሌሊት ፈረቃ የሚወጣ ሰው ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ስቦ፣ አንገቱን ሸፍኖ ነው የሚሄደው፤ ባልደረባው እንኳ ካልጠራው አይለየውም። አዲስ አበባ ሳለ «የእገሌ ልጅ» ተብሎ ከሱቅ በዱቤ ይወስድ የነበረ ሰው፣ እዚህ ስሙን ሱፐርቫይዘሩ በትክክል ሳይጠራለት ዓመታት ያልፋሉ። ለዚህ ሰው «ዝና ነፃነትህን ይነጥቅሃል» የሚል ልብ ወለድ ሥጋት አይሆንበትም፣ ምኞት ነው።

የሚገርመው ደግሞ ይህን ምኞት በጅምላ የሚያመርተው ኢንዱስትሪ ካናዳዊ መሆኑ ነው። ሃርለኩዊን የተባለው የፍቅር መጽሐፍ አሳታሚ በ1949 ዊኒፔግ ውስጥ ተቋቋመ። መጀመሪያ ያገኘውን ሁሉ እያሳተመ ነበር፤ የመሥራቹ የሪቻርድ ቦኒካስል ባለቤት ሜሪ ናት ንጹሕ የፍቅር ታሪክ የሚሸጥ መሆኑን አስተውላ ድርጅቱን ወደዚያ ያዞረችው። በ1971 የእንግሊዙን ሚልስ ኤንድ ቡን ገዛው። ከመሥራቹ በኋላ ድርጅቱን የያዘው ልጁ ካልጋሪ የኖረ ባለሀብትና የፈረስ እሽቅድምድም ሰው ነበር፤ ቶርስታር የተባለው የቶሮንቶ የጋዜጣ ኩባንያ ከ1975 ጀምሮ ድርሻውን እየገዛ በ1981 ሙሉ በሙሉ ወሰደው። በ2014 ደግሞ ኒውስ ኮርፕ በ455 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ገዛው። ስለዚህ ከኦግደን መጋዘን በመኪና ብዙ የማይርቅ ሰው፣ በአንድ ወቅት በዓለም ላይ የሴቶችን የፍቅር ሕልም በብዛት የሚያትመውን ድርጅት በእጁ ይዞ ነበር ማለት ነው። የሠፈራችን ልብስ ማጠቢያ ቤት ጥግ ላይ ተጥለው የሚገኙት ቀጫጭን መጻሕፍት ምንጫቸው ይህ ነው።

ሁለተኛው የካናዳ ድርጅት ዋትፓድ ነው። አለን ላውና ኢቫን ዩን በ2006 ቶሮንቶ ውስጥ አቋቋሙት፤ ማንም ሰው ልብ ወለዱን በስልኩ በክፍል በክፍል የሚለቅበት መድረክ ነው። በ2013 አና ቶድ የተባለች የቴክሳስ ወጣት ስለ ዘፋኙ ሃሪ ስታይልስ የፈጠረችውን ታሪክ በስልኳ እየጻፈች እዚያ ላይ መልቀቅ ጀመረች። «አፍተር» ተባለ። መጽሐፍ ሆነ፣ በ2019 ፊልም ሆነ። ዋትፓድን የኮሪያው ናቨር በ2021 ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ገዛው። ቀድሞ ዝነኛን በሩቅ የምትወድ ልጅ ፎቶውን ግድግዳ ላይ ትለጥፍ ነበር፤ አሁን ታሪክ ጽፋ ራሷን ጎኑ ታስቀምጣለች፣ ኩባንያው ደግሞ ያንን ይሸጣል።

ወደ እኛ ስንመጣ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። የአማርኛ ልብ ወለድ ስለ ፍቅር አያሳንስም፤ ፍቅርን በደስታ መጨረስ ግን ብዙም አልለመደበትም። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ስሙ ራሱ ይናገራል። ሰብለ ወንጌል የፊታውራሪ ልጅ ናት፣ በዛብህ መምህሯ፤ እሷ ከላይ፣ እሱ ከታች። በእንግሊዝኛው የፍቅር ገበያ ሚዛን ይህ ታሪክ የደረጃ ልዩነትን አሸንፎ በሰርግ ማለቅ ነበረበት። ሐዲስ ግን ሁለቱንም ቀበሯቸው፤ አንባቢም አላጉረመረመም፣ እንዲያውም በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ አገር ሥራ ፈትቶ አዳመጠው። ያ ትረካ ዛሬም በብዙ የካልጋሪ ሐበሻ ጆሮ ውስጥ አለ፤ ዕቃ እየደረደሩ፣ ፎርክሊፍት እየነዱ የሚያዳምጡት ሞልተዋል።

ዝነኛን ስለማፍቀር የተጻፈ የአማርኛ መጽሐፍ አምጣ ብባል «ኦሮማይ»ን ነው የማነሣው። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ያሳተመው ይህ ልብ ወለድ የሚታወቀው በፖለቲካው ነው፤ ታግዷል፣ ደራሲውም በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። በዚህ ምክንያት የፍቅሩ ታሪክ በጥላው ሥር ተሸፈነ። ጸጋዬ ኃይለማርያም ግን ማን ነው? የቴሌቪዥን ሰው ነው። ፊቱ በየቤቱ ይታወቃል። ሮማን የምትባል እጮኛ አዲስ አበባ አለችው። ለቀይ ኮከብ ዘመቻ አሥመራ ሲሄድ ፊያሜታን ያገኛታል። የካሜራ ሰው ከሚታይበት ዓለም ወጥቶ በምትደበቅ ከተማ ውስጥ ይወድቃል። ፊያሜታ ማን ናት፣ ለማን ትሠራለች የሚለው ጥርጣሬ ፍቅሩን ከሥር ይበላዋል። መጨረሻውም ሐዘን ነው። በዓሉ «ወደደችኝ ወይስ የያዝሁትን ወደደች?» የሚለውን ጥያቄ፣ የዛሬዎቹ የዝነኛ ልብ ወለዶች ሁሉ የሚሽከረከሩበትን ማለት ነው፣ ጦርነት ውስጥ አስገብቶ ጽፎታል። መጽሐፉ በ2025 በእንግሊዝኛ መውጣቱ በጎ ነው፤ የውጭ አንባቢ እንደ ስለላ ታሪክ ብቻ አድርጎ እንደማያነበው ተስፋ አደርጋለሁ።

ከካናዳ ሐበሻ መካከልስ ዝነኛ የለም ወይ? አለ እንጂ፤ ከአቤል ተስፋዬ በላይ ማን ይምጣ። በ1990 ቶሮንቶ ተወለደ፣ እናቱና አያቱ አሳደጉት፣ ዘ ዊኬንድ ተብሎ ዓለምን ዞረ፤ በ2016 ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የግዕዝ ትምህርት 50 ሺህ ዶላር ሰጠ። በ2023 ኤችቢኦ ላይ የወጣውን «ዘ አይዶል» የተሰኘ ተከታታይ ፊልም ከፈጠሩት አንዱ እሱ ነው። እዚያ ውስጥ ዝነኛዋ ዘፋኝ ሴት ናት፤ ከጨለማ ክበብ ወጥቶ ሕይወቷን የሚቆጣጠረውን አጭበርባሪ የሚጫወተው ደግሞ አቤል ነው። የአጭበርባሪው ስም ቴድሮስ ይባላል። ፊልሙ መጥፎ ነበር፤ ከ5 ክፍል በኋላ ቀርቷል፣ እኔም አላዘንሁለትም። ነገር ግን በዓለም መድረክ ካሉት ሐበሾች ሁሉ ይበልጥ የሚታየው ሰው ዝነኛን ስለማፍቀር ሲሠራ፣ የሐበሻ ስም የሰጠው ለዝነኛው ሳይሆን ዝናውን ሊበላ ለመጣው ሰው መሆኑ ያስገርማል። መጥቶ የሚጠጋውን፣ «ለምንድን ነው የመጣህ?» የሚባለውን ሰው የእኛ ስም ሰጠው።

ይህ ጥርጣሬ ደግሞ ኦግደን ውስጥ በደንብ ይታወቃል፤ አቅጣጫው ብቻ ነው የሚለየው።

በቴሌግራምና በፌስቡክ በክፍል በክፍል የሚለቀቁትን የአማርኛ የፍቅር ታሪኮች ተመልከቱ። «ክፍል 14 ይቀጥላል፣ ላይክ አድርጉ» የሚሉትን። የዝነኛውን ቦታ እዚያ ውስጥ የያዘው ዘፋኝ ወይም ተዋናይ አይደለም፤ በብዙዎቹ ዲያስፖራው ነው። ከአውሮፕላን ይወርዳል፣ ሽቶው ቀድሞት ይገባል፣ ካፌው ዞሮ ያየዋል፣ አስተናጋጇ እጇ ይንቀጠቀጣል። የሥራው ነገር አይነሣም። «ካናዳ ነው የሚኖረው» ይበቃል። የሆሊውዱ ኮከብ በመጽሐፉ ውስጥ የሚያደርገውን ሁሉ ያደርጋል፤ ሆቴል ይይዛል፣ ስጦታ ያዘንባል፣ ለእናቷ መድኃኒት ይገዛል፣ አንዴ ደግሞ ይጠፋና በመጨረሻው ክፍል አየር ማረፊያ ላይ ይገኛል። መንግሥትም ቢሆን ይህን ኮከብነት አጽድቆታል፤ በ2014 ዓ.ም. ለገና አንድ ሚሊዮን ዲያስፖራ አገሩ ይግባ ተብሎ ጥሪ ሲደረግ የነበረው አቀባበል እንደ ዝነኛ እንግዳ አቀባበል ነበር።

ያ ሰው ማን ነው? የኦግደኑ የሌሊት ሠራተኛ ነው። ዓመት ሙሉ ኦቨርታይም ገፍቶ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ሁለት ሻንጣ ይዞ ይበርራል። ጥር የሰርግ ወር ነው፤ ፈቃዱ ሦስት ወይም አራት ሳምንት ነው። ቦሌ ሲወርድ ካሜራው ይበራል። ዘመድ ይጎርፋል፣ የጎረቤት ልጅ ስልኩን ይዞ ይቀርጸዋል፣ የዱሮ ጓደኛው ብድር ይጠይቀዋል፣ የእናቱ ጓደኞች ልጆቻቸውን አስከትለው ቡና ሊጠጡ ይመጣሉ። እኔ ይህን ሰው አልታዘበውም። ሦስት ሳምንት እንደ ሰው መታየት ከአንድ ዓመት አለመታየት በኋላ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ኦግደን መኖር ያስፈልጋል።

እሷ ግን የምታየው ኮከቡን ብቻ ነው። በዝነኛ ልብ ወለድ ውስጥ ሴቲቱ በመጋረጃው ሥር ያለውን ሰው ቀስ በቀስ ታገኘዋለች፤ ሜካፑ ሲታጠብ፣ ሲያስነጥስ፣ ሲያለቅስ። ደራሲው ለዚህ ብዙ ገጽ አለው። የእኛ ጥንዶች ሦስት ሳምንትና ዋትስአፕ ነው ያላቸው። ጥርጣሬው ግን በሁለቱም በኩል ሙሉ ነው። ዝነኛው «እኔን ነው ወይስ ስሜን?» ብሎ እንቅልፍ ያጣል። የኦግደኑ ልጅ «እኔን ነው ወይስ ወረቀቴን?» ይላል። እሷ ደግሞ በልቧ «ቦሌ ላይ ያየሁትን ሰው እዚያ አገኘው ይሆን?» ትላለች፤ ይህን ጮክ ብላ የምትናገርበት ቦታ የላትም፤ ቤተሰቡ ሁሉ «ዕድለኛ ነሽ» እያላት ነውና።

ከዚያ ተመልካቹ ይመጣል። የሆሊውዱ ፍቅር ተመልካች አድናቂውና ጋዜጠኛው ነው፤ «እውነት ነው ወይስ ለታይታ?» እያለ ይከራከራል። የእኛ ተመልካች የኢሚግሬሽን መኮንን ነው፤ የሚጠይቀውም ያንኑ ነው። በካናዳ ደንብ መሠረት ጋብቻው እውነተኛ ካልሆነ፣ ወይም በዋናነት የተፈጸመው የመኖሪያ ፈቃድ ለማግኘት ከሆነ፣ ማመልከቻው ይወድቃል። ስለዚህ ፍቅሩ ማስረጃ ይቀርብለታል፤ እንዴት ተገናኛችሁ፣ ማን ያውቃል፣ ሰርጉ ላይ እነማን ነበሩ፣ በምን ትነጋገራላችሁ። ስፖንሰር ያደረገ ሰው የሚስቱን መሠረታዊ ወጪ ለሦስት ዓመት ለመሸፈን ይፈርማል፤ ትዳሩ ቢፈርስም ፊርማው አይፈርስም። ከ2012 እስከ 2017 ደግሞ ከዚህ የከፋ ነበር፤ በቅርብ የተጋቡና ልጅ የሌላቸው ጥንዶች ሁለት ዓመት አብረው ካልኖሩ የመጣችው ሚስት ፈቃዷን ልታጣ ትችል ነበር። የሚደበድብ ባል እጅ ላይ የወደቀች ሴት ፈቃዴን አጣለሁ ብላ እንድትቀመጥ ያደርጋል ተብሎ ብዙ ስለተነቀፈ ነው የተሻረው።

አንድ የኦግደን ወዳጄ ይህን ፋይል ሲያዘጋጅ አጠገቡ ተቀምጬ ፎቶ እየመረጥን ነበር። የሰርጉ ፎቶ ብዙ ነው፤ በአበባ ያጌጠ መኪና፣ ስድስት ሚዜ፣ ኬክ፣ መልስ። «ይሄ የሁሉም ሰው ሰርግ ነው» ብሎ ወደ ጎን አደረጋቸው። የመረጠው በእናቷ ቤት ሶፋ ላይ በካልሲ ተቀምጦ ሽሮ ሲበላ፣ እሷ ከጎኑ በስልኳ ስትስቅ የተነሣውን ነበር። ቀጥሎ እሱ ለእሷ ከካልጋሪ የላካቸውን ፎቶዎች ማየት ጀመርን። ረጃጅም ሕንፃ፣ ወንዙ ዳር፣ ባንፍ ተራራ፣ የጓደኛው መኪና። በሁለት ዓመት ውስጥ ብርቱካናማ የሥራ ሰደርያው ያለበት አንድ ፎቶ የለም።

«አልላክሁላትም» አለኝ። «ስትመጣ ታየው የለ?»

ይህ የልብ ወለድ መጀመሪያ ነው። የሮቢን ሊ ሶሌን ከዝነኛው ጋር ስትሆን ከጨለማ ወደ ብርሃን ትወጣና ብርሃኑ ያቃጥላታል። ካልጋሪ የምትደርሰው ሙሽራ ጉዞዋ በተቃራኒው ነው። ከሚያውቃት ሠፈር፣ «የካናዳው ሚስት» ተብላ ሁሉ ከሚያያት ሠፈር ተነሥታ ኦግደን ትገባለች። ኮከብ ያለችው ሰው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ በድካም ጫማውን ሳያወልቅ ይተኛል። እሷም ከጥቂት ወራት በኋላ ኮፍያዋን እስከ ቅንድቧ ስባ ወደ ፈረቃ ትወጣለች። ፍቅሩ የሚፈተነው በካሜራ ብዛት አይደለም፤ ካሜራ በጠፋበት ነው። እርስ በርስ ከመተያየት በቀር ማንም የማያያቸው ሁለት ሰዎች ይሆናሉ። አንዳንዱ እዚያ ላይ ይፈርሳል፤ እሱ የቦሌውን ክብር ከእሷ ሲጠብቅ፣ እሷ ውሸታም ስትለው። አንዳንዱ ደግሞ፣ ከሚነገረው በላይ ብዙው፣ ይያያዛል። እሱ የሠራተኛ ልብሱን አውልቆ ሰው ሆኖ ለመገኘት አንድ ዓመት ይፈጅበታል፤ እሷ እሱን እንደገና ለመውደድ ሌላ ዓመት። ይህ እንዴት እንደሚሆን በአማርኛ የጻፈ አላየሁም። የቴሌግራሙ ታሪክ አየር ማረፊያ ላይ ያልቃል፤ የእንግሊዝኛው ገበያም ሰርጉ ላይ ይዘጋል።

ሐዲስም በዓሉም ፍቅረኞቻቸውን በሞት የለያዩት ዘመናቸው ሌላ መውጫ ስላልሰጣቸው ይመስለኛል። የኦግደኑ ጥንድ ግን አይሞትም። የቤት ብድር ይከፍላል፣ ልጅ ይወልዳል፣ ልጁ በእንግሊዝኛ ይመልስለታል። ለዚህ ሕይወት መቃብርም ሰርግም መጨረሻ አይሆንም፤ ሦስተኛ ዓይነት መጨረሻ ያስፈልገዋል፣ እሱን የሚፈጥረው ደግሞ ደራሲ ነው።

ስለዚህ ይህን የሚያነብ የአዲስ አበባ አሳታሚ ካለ፣ ከተተረጎመ የሆሊውድ ፍቅር ይልቅ ከካልጋሪ፣ ከኤድመንተንና ከቶሮንቶ የሚመጣ የእጅ ጽሑፍ ቢጠይቅ ገበያ አያጣም። ሌሊት ሠርተሽ ቀን በስልክሽ ላይ የምትጽፊ እህትም ካለሽ፣ በቴሌግራም በክፍል በክፍል የምትለቂው ቢሆንም ግድ የለም፣ ታሪኩን አየር ማረፊያው ላይ አታቁሚው፤ ካልጋሪ ከገባሽበት ቀን ጀምረሽ ጻፊው።